አንድ ክር በአንድ ጊዜ



ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ በኋላ ኡኩሌሌ መማር ጀምሬአለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ከወጣት ዘማሪዎች ጋር እንለማመዳለን። ይህች ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ ራሷ ከስደት የተወለደች ናት። በ1879 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል ማዴይራ ደሴት ወደ ሃዋይ የሸንኮራ እርሻ ለሥራ የተሻገሩ ሰዎች ካመጡት መሣሪያ ነው የተገኘችው።

አሁን የያዝነው ትምህርት የማይነር አርፔጂዮ ነው። አርፔጂዮ ማለት የአንድን ኮርድ ድምፆች በአንድነት ከመምታት ይልቅ አንድ በአንድ ማሰማት ነው። ክሮቹ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ። የሶልን ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ስትጫኑት ላ ይሆናል፤ ላ ማይነርም ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በአውራ ጣት ቀስ ብሎ ተራ በተራ መንካት ነው፦ ላ፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ። ድምፁ ከላ ተነሥቶ ወደ ዶ ይወርዳል፤ በሚ በኩል አልፎ ወደ ተነሣበት ላ ይመለሳል። ትዝታ ማይነርን የለመደ ጆሮ አይከብደውም፤ ሦስቱም ድምፆች በዚያ ቅኝት ውስጥ አሉና።

በዚያው ላይ የዶን ክር የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ብትጫኑት ኮርዱ ላ ሜጀር ይሆናል። ልዩነቱ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ወጣቶቹ ቶሎ ወደዚያ መሄድ ይወዳሉ፤ ሜጀሩ ያስጨበጭባላ!

ነገር ግን በመካከላችን ያለው ማን እንደ ሆነ እናስብ። ትየርኪዲ የተከፈተው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ በደቡብ ሱዳን ጦርነቱ ከፈነዳ ከጥቂት ወራት በኋላ። ከሚኖሩበት የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። አንድ ቀን አንዲት የኑዌር እናት በአስተርጓሚ፣ «ፓስተር፣ ለልጄ የማለቅስበት መዝሙር የላችሁም ወይ?» አለችኝ።

ስብከት አልጨመርሁባትም። አንዱ ወጣት ላ ማይነርን ቀስ ብሎ ይነካ ጀመር፤ እርስዋም በቋንቋዋ የልጅዋን ስም እየጠራች አንጎራጎረች። ማንም ወደ ሜጀር አልቀየረባትም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም አይቀይሩባትም። መዝሙር 88 (በ1954ቱ ትርጉም 87) በጩኸት ተጀምሮ በጨለማ ያበቃል፤ ሆኖም ከምስጋናው መዝሙር ጋር በአንድ መጽሐፍ ተጽፎልናል። ጌታችን ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ (ዮሐንስ 11)። ደስታው በደጅ መሆኑን ማወቁ ከማርያም ጋር ከማልቀስ አልከለከለውም።

ሌላም ነገር አለ። ከማይነር ወደ ሜጀር ሲኬድ ላ እና ሚ ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ የሚለወጠው የመካከሉ ድምፅ ብቻ ነው። በለቅሶ ቀን የያዘን አምላክ በደስታ ቀንም ያው ነው። ስለዚህ ሐዘንተኛውን ወደ እልልታ ማቻኮል አያስፈልገንም፤ ሁለቱም ኮርዶች የቆሙበት መሠረት አንድ ነውና።

ወገኔ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ለቅሶ ቤት ብትሄድ «አይዞህ» ብለህ ለመነሣት አትቸኩል። ተቀመጥ። ስለ ሟቹ ጠይቅ፤ ሲነግርህም አድምጥ። አንተም ራስህ ያዘንህ ከሆንህ ሁሉን በአንድ ጊዜ ለመጸለይ አትጨነቅ። ዛሬ አንዱን ክር ብቻ በጌታ ፊት ንካ፤ እርሱ ይሰማል።

ጌታ ሆይ፣ ከሚያለቅሱት ጋር ለመቀመጥ ትዕግሥትን ስጠን። አሜን።