ሊብሬ ገዝቶ ሄደ

እ.ኤ.አ. በ2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት ፌራሪ 500 ሞንዲያል ለጨረታ ቀረበች። በ1954 የጣሊያኑን ሚሌ ሚሊያ የተወዳደረች ናት፤ በ1960ዎቹ ተጋጭታ ነደደች። ከአካሏ የቀረው የተጨማደደ ቆርቆሮ ነው። በ1.875 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች!

ፎቶዋን ያየ ጓደኛዬ «እብደት ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ግቢያችን የቆመችው የሟች አባቴ ቮልስ ትዝ አለችኝ። ከተጋጨች በኋላ መካኒኩ «ሻንሲዋ ተጣሟል፤ ዕቃዋን ሱማሌ ተራ ሽጠው» ብሎኛል። እናቴ «የአባትህ እጅ ያረፈበት ነው» ብላ እምቢ አለች።

ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው ሰው፣ በእኛ ቋንቋ፣ የገዛው ሊብሬ ነው። ቁጥሩ ይኑር እንጂ አካሉ እንደ አዲስ ይሠራል። ታዲያ በ1954 የሮጠችው እሷ ናት? አይመስለኝም። ታሪኩ ያለው እዚያ የተጨማደደው ቆርቆሮ ላይ ነው። እኔ ብሆን እንዳለች አቆያት ነበር።

የአባቴ ቮልስ ግን ሌላ ናት። ሚሌ ሚሊያን አታውቅም፤ የምታውቀው እኛን ትምህርት ቤት ማድረስ ነው። ሞተሯ ደህና ስለሆነ መንገድ ላይ ላለች ሌላ ቮልስ ይሁን ባይ ነኝ። መሪዋን ፈትቼ ለእናቴ እሰጣታለሁ። የአባቴ እጅ ያረፈው እሱ ላይ ነውና።

እናቴ እስካሁን መልስ አልሰጠችኝም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?