አጣና የምትነክሰው አሳማ

መርካቶ በሄድኩ ቁጥር የሰፈሮቹ ስም ይገርመኛል። አንዱ እህል በረንዳ፣ አንዱ ጭድ ተራ። የመኖ ሁለቱ ግማሾች ስም ሆነው እዚያው አዲስ ከተማ ውስጥ ቀርተዋል። እንስሳ አርቢው ግን ሁሌ የሚሮጠው ወደ እህሉ ነው።

በቅርቡ እህል በረንዳ የበቆሎ ዋጋ ስጠይቅ አንድ አሳማ አርቢ አጠገቤ ቆሞ ይከራከራል። ለምን እንደሚገዛ ጠየቅሁት። «እርጉዟ አሳማዬ መኖዋን ጨርሳ አጣና ትነክሳለች፤ ባዶ አፏን ስታኝክ ትውላለች። በቆሎ ልጨምርላት፣ ካልተዋት እሸጣታለሁ» አለኝ። የ114 ቀን እርግዝና ግማሹን የጨረሰች አሳማ!

እናንተም ጋ እንዲህ የምትሆን ካለች፣ ከመሸጣችሁ በፊት ይህን ስሙኝ።

እርጉዝ አሳማ እንዳትወፍር መኖዋ ይመጠናል። መመጠኑስ ልክ ነው፤ በጣም የወፈረች እናት ስትወልድ ትቸገራለች። ችግሩ የተመጠነው ዱቄት ብቻ ሲሆን ነው። ዱቄት ቶሎ ይፈጫል፤ የደም ስኳሯ ሽቅብ ይወጣና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። ያኔ ርሃቡ ይነሳባታል፣ ቀጣዩ መኖ ግን ገና ነው። አጣናውን የምትይዘው፣ ጓደኛዋን የምትነክሰው ለዚህ ነው። በቆሎ ብትጨምሩላት ትወፍራለች እንጂ አታርፍም።

የሚያሳርፋት አሰር ነው፣ ፋይበር የምንለው። ጭድ ብዙም አይፈጭላትም፤ ግን ሆዷን ይሞላል፣ አፏንም ሥራ ያስይዛል። የጎመን ቅጠል፣ የስኳር ድንች ሐረግና ለጋ ሣር ደግሞ ትልቁ አንጀቷ ውስጥ እንደ ሊጥ ይቦካሉ። ከዚያ የሚገኘው ጉልበት ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ስለሆነ ስኳሩ አይዋዥቅም። ፉርሽካና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት መሃል ላይ ናቸው፤ ከሁለቱም ጠባይ አላቸው።

ኔዘርላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንኑ የስኳር ቀይ ሥር ተረፈ ምርት እያበሉ አጥንተውታል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጉዝ አሳማ ሆድ የሚሞላ ወይም አሰር የበዛበት መኖ እንድታገኝ ያዛል። እኛ ዘንድ ስኳር የሚመጣው ከሸንኮራ ነው፤ የሸንኮራ ገለባ ደግሞ እንጨት ማለት ነው፣ አትድከሙበት።

ሰውየው በቆሎውን ቀንሶ ፉርሽካ ጫነ። ጭዱን ከራሱ አውድማ ያገኛል፤ ጭድ ከመርካቶ መግዛትማ ቀልድ ነው።

ስትጀምሩ በአንድ ቀን አትለውጡት፤ ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ውሰዱ። ውሃ አይጉደልባት፤ አሰር ያለ ውሃ ያደርቃታል። የሻገተ ጭድ ለእርጉዝ አትስጡ። ለምታጠባ እናትና ለትንንሽ ግልገሎች ግን አሰር አታብዙ፤ እነሱ የሚፈልጉት ጉልበት ነው። አጥንቷ የሚቆጠር አሳማ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፦ መኖው ራሱ አንሷታል፣ ወይም ትል አለባት። መብላት ካቆመች የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ለውጡን ማየት የምትፈልጉ ጠዋት መኖ ስትሰጡ አትዩ፤ ያኔ ሁሉም አሳማ ይጮኻል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሳትሰማችሁ ሄዳችሁ ጋደም ማለቷን ተመልከቱ።