ከማዶ ያላችሁ ተነሱ!

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ቱላ ገበያ ላይ አግኝቶኝ «ቲቸር፣ አሁንም ደመና ሲጠቁር ከቦረቦሩ ማዶ ያላችሁ ተነሱ ይላሉ?» ብሎ ሳቀብኝ። እላለሁ። ምክንያቱን ግን ለአንዳችሁም ነግሬ አላውቅም። ትናንት ማታ ባለቤቴ «ንገራቸዋ፣ እስከ መቼ ትደብቃለህ?» ስላለችኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው በ2002 ዓ.ም ነው። ሀዋሳ የዲፕሎማ ተማሪዎች ነበርን። ፍቅር ጀምረናል፣ ብር የለንም። ካፌ መቀመጥ ብር ይፈልጋል፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር መቀመጥ ደግሞ የኔ ዘመድ የማያልፍበትን ሰዓት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ሰዓት የለም። ያዳነን ዝናብ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ማካፋት ሲጀምር ሰው ሁሉ ጣሪያ ስር ይሸሸጋል፤ ያኔ ከተማዋ የኛ ናት። አንድ ሽቦው የተሰበረ ጃንጥላ ለሁለት ይዘን እንወጣለን።

ታቦር ላይ ሆኖ ዝናብ ሲመጣ ያየ ያውቀዋል። መጀመሪያ ከሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ ይጠፋል፤ ቀጥሎ የውኃው መሐል ይነጣል፤ ከዚያ የዳሩ ዛፎች። እኛ ጋ እስኪደርስ ጮክ ብለን እንቆጥራለን፤ ግምቱ የሳተ የአንድ ብር ቆሎ ይገዛል። ሁሌ የምገዛው እኔ ነበርኩ። አሞራ ገደል ስንወርድ ደግሞ አባ ኮዳዎቹ በዝናብ ውስጥ ክንፋቸውን ሰብስበው ቆመዋል፤ «ካፖርት የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ለሽምግልና ተልከው የመጡ» ትላለች።

እሷ የሁላ ልጅ ናት። ጉም፣ ገብስና ቀርከሃ ባለበት ደጋ ያደገች። እኔ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ «ይሄም ብርድ ሆኖ ነው?» ብላ ትስቅብኛለች። ወንድነቴን ነካችኝ መሰለኝ።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ በአላሙራ በኩል አቋርጠን በእግር ቱላ እንሂድ አልኩ። እህቴ ቡርሳሜ ሠርታ ትጠብቀናለች። እሷም ሰኞ የምታስረክበውን የፕራክቲከም ፋይል እዚያ ልትጨርስ በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች። ቦረቦሩ ጋ ስንደርስ እኛ ያለንበት ትንሽ ያካፋል፣ ውኃው ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም። የተራራው አናት ግን ጠቁሯል። «ላዩን አይተኸዋል? እንጠብቅ» አለች።

«እዚህ ያደግኩት እኔ ነኝ» አልኳት። እጇን ይዤ ገባሁ።

መሐል ላይ የተጫነ አይሱዙ በኮረት ላይ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ቦረቦር እንዲህ ነው፤ ዝናቡ ላይ ይጥላል፣ የተራቆተው መሬት አይውጠውም፣ ሁሉም በአንድ ቦይ ተሰብስቦ ይወርዳል። ቡናማ ውኃ፣ ድንጋይ፣ የእንሰት ቅጠል። ጉልበት ነበር፣ ወዲያው ወገብ ሆነ። አንድ የዛፍ ሥር አየሁና ያዝኩ። ያዝኩት በየትኛው እጄ መሰላችሁ?

እጇን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። አልተነጠቅኩም፤ ለቀቅኩ።

ታች ከብት ሲጠብቁ የነበሩ አንድ አባት ሮጠው ወርደው ዱላቸውን ዘረጉላት፣ ያዘችው፣ ጎትተው አወጧት። እኔን ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። ፋይሉ ሄደ፣ ጃንጥላው ሄደ፣ ጫማዋ ሄደ። ቱላ ድረስ በባዶ እግሯ ከፊቴ ሄደች፣ አንድ ቃል አልተናገረችም። እህቴ ጋ ደርሰን፣ ጋቢ ለብሳ እሳቱ ዳር ተቀምጣ፣ «ፋይሉን የምትጽፈው አንተ ነህ» አለችኝ። በቃ ይሄው ነው።

ሁለት ሌሊት ጻፍኩ። እሷ እያየችኝ ዝም። ቢ ፕላስ አገኘችበት፤ በራሴው ፋይል ያገኘሁት ሲ ነው (እስካሁን ይቆጨኛል 😄)። ከዚያ በኋላ አብረን ለመራመድ ጥቅምት መምጣት ነበረበት።

ትናንት ማታ ይህን ጽፌ ሳነብላት ልጆቹ ተኝተዋል፣ ቆርቆሮው በዝናብ ይንጫጫል። «ለቀቅኩ» የምትለዋ ጋ ስደርስ «እሱን አውቃለሁ» አለች። «ያኔም ጣቶችህ ሲከፈቱ ተሰምቶኛል።» አሥራ ምናምን ዓመት በሙሉ አታውቅም ብዬ ነበር የማስበው። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ተነስታ በሩ ጋ የፈሰሰውን ውኃ መወልወል ጀመረች፣ እኔም ባልዲውን ይዤላት ቆምኩ።

ነገ ከሰዓት ሁለት ክፍለ ጊዜ አለኝ። አላሙራ ከጠቆረ፣ ከማዶ ያላችሁ ደብተራችሁን ሰብስቡ።