«አቋርጧል»

ጥር መጨረሻ ነበር። የአንደኛ ሴሚስተር ውጤት ሮስተር ላይ እየሞላን ነው። እሷ ስም ትጠራለች፣ እኔ የሒሳብና የአካባቢ ሳይንስ ውጤት አነብላታለሁ። አንድ ስም ላይ ስትደርስ ሳትጠራው አለፈች።

«ዘለልሽው» አልኳት።

«እሱ እኮ አቋርጧል። ከኅዳር ጀምሮ የለም።»

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። «እታለም፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ 14 ሲደመር 5 ሠርቶልኛል» አልኳት።

ስም መጥሪያውን ገልጣ አሳየችኝ። ከስሙ ትይዩ የቀሪ ምልክት ሙሉ መስመር ተደርድሯል፤ ጫፉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አቋርጧል» የሚል ተጽፏል። ያቋረጠ የተባለው ልጅ እኔ ክፍለ ጊዜ ላይ በየቀኑ ሁለተኛው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ ይቀመጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። 2011 ዓ.ም. ላይ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አንድ የ1ኛ ክፍል ለሁለት ይዘን ነበር። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የተለመደው አሠራር፣ መምህራን «ሰልፍ ኮንቴይንድ» የምንለው፣ በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይዞ እንዲውል ነው። ክፍሉ የእሷ ነበር። ሐምሌ ላይ ወለደች። ሕጉ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ እስክትመለስ ድረስ መስከረምንና የጥቅምትን አጋማሽ እኔ ብቻዬን ያዝኩላት። ስትመለስ ሕፃኑ ገና ጡት ላይ ነው፣ ቤቷም ሩቅ ነው። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገርንና ተካፈልነው። ከእረፍት በፊት ያለው የእሷ፦ አማርኛና ሥነ ውበት። ከእረፍት በኋላ ያለው የእኔ፦ ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ። ጠዋት እኔ 4ኛ ክፍል እገባለሁ። የእረፍት ደወል ሲደወል እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ልጇ ትሮጣለች፣ እኔ ጠመኔዬን ይዤ እገባለሁ። በር ላይ እንተላለፋለን። «ደኅና ዋሉ?» «ደኅና ናቸው።» ርክክባችን ይቺው ነበረች።

ስም የሚጠራው ጠዋት ነው፤ ስለዚህ ስም መጥሪያው እሷ ጋ ሆነ።

በማግስቱ ልጁን ጠርቼ ጠየቅሁት። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ታላላቆቹ ወደ ማሳ ወረዱ፤ ከብቱን ጠዋት ጠዋት የሚያሰማራ እሱ ሆነ። አጨዳው አልቆ ውቂያ ሲመጣም ከብቱ እሱው ላይ ቀረ። ትምህርት ቤት ሲደርስ ሰልፍ አልቋል፣ በሩ ተዘግቷል። አርፋጅ አይገባም፣ ደንብ ነው። ስለዚህ አጥሩ ሥር፣ ባሕር ዛፉ ጋ ቁጭ ብሎ እረፍት ይጠብቃል። በሩ ለእረፍት ሲከፈት ከሚሯሯጡት ልጆች ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የእኔ ተማሪ ነው። ማንንም አልዋሸም። እኔ ስላልጠየቅሁት አልነገረኝም፤ እሷ ደግሞ መልኩን እንኳ በቅጡ አታውቀውም ነበር። ለአንድ ክፍል የተቀመጠው ልክ 50 ተማሪ ነው፤ እኛ ግን 67 ነበሩን።

ፊደል ገበታው ጋ ወስጄ «ለ»ን ነካሁለት። ልጁ ፊደሉን አላየም፣ አፌን አየ። ክፍል ውስጥ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲጮህ አብሮ መጮህ ለምዷል፤ ድምፁ የሚወጣው ከአፍ ነው እንጂ ከገበታው ነው ብሎ አያስብም። በቃሉ ደምሮ የሚቀንስ፣ ከክፍሉ በሒሳብ አንደኛ የሆነ ልጅ አንድ ፊደል አይለይም። ሦስት ወር ሙሉ አስተምሬው ይሄን አላወቅሁም። ለምን ልወቅ? አማርኛ የእኔ ክፍለ ጊዜ አይደለማ!

እነሆ፣ ሁለት መምህር እያለው ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ።

ወሬው መምህራን ክፍል ሲሰማ ነባሮቹ ፈረዱ። «ሕፃን ልጅ አንድ መምህር ነው የሚያስፈልገው፤ ሁለት እጅ ሲነካው ይበላሻል» አሉ። ያኔ አፍሬ ስለነበር አልተከራከርኩም። አሁን ግን እላለሁ፦ አይደለም። እኔ ብቻዬን በያዝኳቸው ሳምንታት አማርኛ ያስተማርኩት በዜማ ብቻ ነው፤ ሀ ሁ ሂ ያሉ ልጆች ነበሩኝ እንጂ ያነበቡ አልነበሩኝም። 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ቅርጽ ነው። ይሄንን አንድ በአንድ ማስለየት ችሎታ ይጠይቃል፤ ችሎታው እሷ ጋ ነበር። መሬት ላይ በጣቷ እየጻፈች፣ በየልጁ ስም የመጀመሪያ ፊደል እየጀመረች ነው የምታስተምረው። የኔ አማርኛ ቢቀጥልባቸው ኖሮ የሚጎዱት 67ቱም ነበሩ።

ደግሞ ልጆች ሁለት ሰው አይከብዳቸውም። እሷ ጋ መልስ የሚሰጠው ተነሥቶ ነው፣ እኔ ጋ ቁጭ ብሎ ነው። በሁለት ሳምንት ለመዱት። ቤትም እኮ የእናት ሕግና የአያት ሕግ የተለያየ ነው፤ የትኛው የት እንደሚሠራ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ እኔን ፈርታ የማትናገር። ሰሌዳው እንደማይታያት ለእሷ ነገረቻት፣ እሷ በር ላይ ስንተላለፍ ጣል አደረገችልኝ፣ ልጅቷን ወደ ፊት አመጣኋት። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት ይሄው ነው። ያቺ ልጅ የተረፈችው ሁለት መምህር ስለነበራት ነው። ልዩነቱ የእሷ ጉዳይ በር ላይ ተነገረ፣ የእሱ አልተነገረም። የልጅ አቅም የማይችለው በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል መልእክተኛ መሆንን ነው።

የእኛ አገር ይሄን ነገር ድሮ ያውቀዋል። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም እዚሁ ጋይንት በኩል ናት። እዚያ ፊደል የሚቆጥረውን ልጅ ንባብ የደረሰው ያስቆጥረዋል፣ እሱን ደግሞ ዳዊት የሚደግመው ያስጠናዋል። አንድ ልጅ በስንት እጅ ያልፋል። ግን መጨረሻ ላይ የኔታ ፊት ቀርቦ ብቻውን ያሰማል። የት እንደደረሰ፣ የቱ ጋ እንደሚሳሳት የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። እኛ እጁን አበዛን፣ የኔታን ግን ረሳነው።

በሌላ አገርም ሥራው እንግዳ አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ አብዛኛው የአንደኛ ደረጃ መምህር ሙሉ ሳምንት አይሠራም፤ አንድ ክፍል ለሁለት መያዝ የተለመደ ነው። እኛ ጋ ግን በልማድና በመተዛዘን የሚሠራ ስለሆነ ርክክቡ የማንም ሥራ አይሆንም። ያውም የሚጠፋው ቀላል ነገር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የተደረገ የንባብ ምዘና ከሦስት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻለ አሳይቷል። ታች ክፍል ተማሪ አይወድቅም፣ ይዛወራል። ሮስተሩ ላይ ውጤት ካለው ያልፋል። የኛ ልጅ በእኔ ሒሳብ ተደግፎ ዝም ብሎ 2ኛ ክፍል ይገባ ነበር፤ ካልሆነም በእሷ ቀይ እስክሪብቶ ጭራሽ ይሰረዝ ነበር።

አያቱ ቅዳሜ ገበያ ወርደው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጥፋቱ የኛ መሆኑንም ጭምር። አልተቆጡኝም። «እኔስ ልጄ፣ ሁለት መምህር አለው ሲሉኝ ከሌላው እጥፍ ይማርልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። ዘበኛውን ለምነን ጠዋት ቢያረፍድም እንዲያስገባው አደረግን። በሳምንት ሁለት ቀን አማርኛውን ከእረፍት በኋላ አመጣነው፤ እነዚያን ቀናት እናቷ ሕፃኑን አዝለው እየመጡ እዚያው ታጠባዋለች። ስም ከእረፍት በኋላም ይጠራ ጀመር። አንድ ባለ 32 ገጽ ደብተር ገዝተን በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀልነው፤ እሷ ስትወጣ ትጽፋለች፣ እኔ ስገባ አነባለሁ። ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ፣ ማን የትኛው ፊደል ላይ እንደቆመ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰነፍን፤ «ሁሉም ደኅና» ብለን እናልፍ ነበር። ያው «ደኅና ናቸው» በጽሑፍ ማለት ነው። ከዚያ በቀን የሦስት ልጅ ስም ሳይጻፍ መውጣት ክልክል አደረግነው።

ይሄን የምጽፈው በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች በግጭቱ ተዘግተው ስንት ልጅ ቤቱ በዋለበት ጊዜ ነው። አንድም መምህር ለጠፋበት ልጅ ስለ ሁለት መምህር ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ግን በሩ ሲከፈት የሚመለሰው ልጅ ከሁለትም በላይ እጅ ያለፈ ነው፦ የተዛወረ መምህር፣ የተለወጠ ትምህርት ቤት፣ ከተማ ዘመድ ጋ ያሳለፈው ዓመት። ስሙ አጠገብ «አቋርጧል» የሚል በብዙ ቦታ ይጻፋል። ከመጻፉ በፊት ሌላኛውን መምህር መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም።

ልጁ በዚያ ዓመት ንባብ አልጨረሰም። ሰኔ ላይ ግማሹን ፊደል ይለያል፣ ስሙን ይጽፋል። ወደ 2ኛ ክፍል ተዛወረ፣ እኔም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። ደብተሩን ለሚቀጥለው መምህር ሰጠነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው የእሷ ጽሑፍ ነው፤ እንዳለ አስታውሰዋለሁ፦

«ወንድማለም፣ ዛሬ ጠዋት መጥቷል። ‹ሰ›ን ከ‹ሸ› ለየ። ‹ቀ›ን አላስተማርኩትም፣ አንተ ጀምርለት።»