ኮት ውርወራ

ባለፈው ክረምት፣ አዳማ ዝናቧን ባንድ ጊዜ ዘርግፋ ወዲያው ፀሐይዋን በምታወጣበት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ። «ጋሼ፣ አንተ ድሮ ቲያትር ትሠራ አልነበር? እስቲ ይሄን ሰውዬ እይና ፍረድ» አለኝ።

ሰውዬው ቡርት ላንካስተር ነው። ፊልሙ ደግሞ በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤልመር ጋንትሪ»። መነሻው አሜሪካዊው ደራሲ ሲንክሌር ሉዊስ በ1927 ያሳተመው ልቦለድ ነው፤ መጽሐፉ በጊዜው ሰባኪዎችን ክፉኛ አስቆጥቷል። ታሪኩ ሲያጥር እንዲህ ነው፤ መጠጥ የማይጠላ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ተጓዥ ሻጭ፣ ድንኳን ተክላ ከከተማ ከተማ እየዞረች የምትሰብክ አንዲት ሴት ጋ ይጠጋና ሰባኪ ሆኖ ቁጭ ይላል። ላንካስተር ይሄንን ሰው ሲጫወት ምንም አይቆጥብም። ይጮኻል፣ ጥርሱን እስከ መንጋጋው አውጥቶ ይስቃል፣ ላብ በላብ ይሆናል። ፊልም ከመጀመሩ በፊት የሰርከስ አክሮባት ነበርና ስብከቱም ከአፉ እኩል በትከሻውና በወገቡ ይወጣል። ለዚሁ ትወናው ኦስካር ተሸልሟል።

ልጁ ፊልሙን ግማሹ ላይ አቆመው። «አበዛው! ውሸታም መሆኑ እኮ ፊቱ ላይ ተጽፏል። አሁን ይሄን ማን ያምነዋል?»

እናቱ ከጎን ባለው ክፍል ተኝታለች። ድምፁን ከፍ ያደረገው ለእሷ መሆኑ ገብቶኛል።

እንግዲህ ሰባኪ ሆኖ ስለ መተወን እኔም ጥቂት የማውቀው ነገር አለ። መስከረም 2 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ለአብዮቱ ስምንተኛ ዓመት በቀበሌያችን አዳራሽ በቀረበው ድራማ ላይ «ፓስተሩን» የተጫወትኩት እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት። ድራማውን የጻፈውን ሰው ባልናገር ይሻላል፤ በሕይወት አለ፣ ዛሬ ጸሎት አያስታጉልም።

ለምን ፓስተር ተፈለገ? ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ጥር ላይ፣ ማለትም በጥር 1974፣ ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘግቶ ንብረቷን ወርሷል፤ መሪዎቿንም አስሯል። ለናዝሬት ሰው ይሄ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በ1930ዎቹ ማብቂያ የሜኖናይት ሚሲዮኖች ሆስፒታል የከፈቱት እዚሁ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአጼ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች «ሰማይ ብርሃን» የተባለውን የጸሎት ማኅበር የጀመሩትም እዚሁ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው ሕዝብ መሐል ጴንጤ ጎረቤት ወይም ዘመድ የሌለው ጥቂት ነበር።

እኔ ግን አንድም ቀን ገብቼ ስብከት ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ ምን ላድርግ? ፈጠርኩ። ሁለት ቁጥር የሚበልጠኝን የሊቀመንበሩን ኮት ለበስኩ፣ የሂሳብ መዝገብ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ መጽሐፍ ቅዱስ አደረግሁት። መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ሮጥኩበት። ዓይኔን አገለበጥኩ። የታመሙትን ግንባራቸውን እየገፋሁ ጣልኳቸው። መጨረሻ ላይ ኮቱን አውልቄ ወደ ሕዝቡ ወረወርኩት፤ ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችውን እናቴን ፊቷ ላይ መታት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ተነስቶ ጨበጠኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ጎረቤታችን አገኙኝ። እኛ ልጆቹ «ጋሽ ድሬሰር» ነበር የምንላቸው፤ ሚሲዮኑ ሆስፒታል ሠልጥነው ስንት ዓመት መርፌ የወጉ ሰው ናቸው። የእኔንም ቁስል አጥበዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ጎበዝ ነህ ልጄ። ሕዝቡን አስቀኸዋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።» (ካድሬ ቢሰማኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር።)

«ግን እንደዚያ የሚሰብክ ሰው እኔ አላየሁም። የእኛዎቹ ሲሰብኩ ከኋላ ለተቀመጠው አይሰማም፤ ድገሙት እንላለን።»

ሌላ አልጨመሩም። ስኳራቸውን ተቀብለው ሄዱ። እኔ ግን ያመመኝ ለሰውዬው ማዘኔ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር፤ ተዋናይነቴ ተነካ። በኋላ እንደተረዳሁት በእነዚያ ዓመታት እሳቸው ቤት ቡና በተፈላ ቁጥር አምስት ስድስት ሰው ይሰበሰብ ነበር። ሲኒው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፣ ሬዲዮው ይከፈታል፣ ስብከቱ በሹክሹክታ ይካሄዳል። ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘጋ አምስት ሺህ ገደማ የነበረው ምእመን ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ብቅ ያለው ኮት በሚወረውር ሰው አልነበረም።

እናም ለብዙ ዓመታት ያ ትወናዬ ውሸት እንደነበረ አምኜ ኖርኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እህቴ «ባቱ ትልቅ የፈውስ ኮንፍራንስ አለ፣ ውሰደኝ» እስክትለኝ ድረስ።

ሄድን። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን ዝዋይ ሐይቅ ዳር ደረስን (ባቱ ማለት አንደበቴ ገና አልለመደም፤ ልጆቹ ይቆጡኛል)። አዳራሹ የኪራይ ነው። ሞንታርቦው የቤት ቆርቆሮ ያንቀጠቅጣል። ሰባኪው መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ሮጠበት። ዓይኑን አገለበጠ። ግንባር እየገፋ ጣለ። ከዚያ… ኮቱን አውልቆ ወደ ሕዝቡ ወረወረው!

እናንተዬ፣ ድርሰቴን የተሰረቅሁ ነው የመሰለኝ። አጠገቤ ለነበረችው እህቴ «አበዛው» ልላት ዞር ስል ታለቅሳለች። እንደሷ ያለቀሰ ሰው ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ነበር።

እህቴ የደም ግፊት ካለባት ቆይቷል። ለዓመታት ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ ካርድ ይዛ ተሰልፋለች። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያያት ወረቀቱ ላይ ጽፎ ይሰጣታል። ይሄኛው ግን ከመድረክ ወርዶ፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እናቴ፣ ስንት ሌሊት ሳትተኚ አደርሽ?» አላት። ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እኔም ጭምር። ቀጥሎ የተፈወሰ ሁሉ መድኃኒቱን ወደ መድረኩ እንዲወረውር ታዘዘ። ቦርሳዋን ከፍታ ኪኒኗን ወረወረች። እጇን መያዝ እችል ነበር። አልያዝኩም። ለምን እንዳልያዝኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ጭብጨባው ነው መሰለኝ፣ ለአፍታ እኔንም ወስዶኛል። በሦስተኛው ወር ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና የአፏ አንዱ ጎን እንደ ድሮው አልተመለሱም።

ልጁ «ማን ያምነዋል?» ሲለኝ ይሄ ሁሉ በሐሳቤ አለፈ። ፊልሙን መልሰህ ክፈተው አልኩት። «ላንካስተርን ተወው፤ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡትን እያቸው።» የደከሙ ገበሬዎች፣ ልጅ ያቀፉ ሴቶች፣ ምርኩዝ የያዙ። እነሱ የመጡት የተዋናይ ልክ ሊለኩ አይደለም። ሰውዬው ቢጮኽም ባይጮኽም ችግራቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ጩኸቱ የችግራቸውን ያህል ስለሚተልቅ እንዲያውም ይመጥናቸዋል። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ላንካስተር ጋንትሪን ቀዝቃዛ ሌባ አላደረገውም። ሲሰብክ ራሱም በግማሽ ያምናል፣ ድምፁ ራሱን ያሞቀዋል። የእኔ ፓስተር ይሄ ነው የጎደለው። እኔ ሕዝቡን አስቅኩ እንጂ በቃሌ አልሞቅሁም።

ማጋነኑን በተመለከተ ደግሞ በ1972 የተሠራ «ማርጆ» የሚባል ዘጋቢ ፊልም አለ። በአራት ዓመቱ ሰባኪ ሆኖ የተሾመ አሜሪካዊ፣ ካደገ በኋላ ካሜራ ይዞ ወደ ጓዳው ያስገባና እንዴት እንደሚያስጮኽ፣ ገንዘቡንም እንዴት እንደሚቆጥር ያሳያል። ያ እውነተኛ ነው፣ ትወና አይደለም። ከዚያ በኋላ ላንካስተርን ያየ ሰው እንዲያውም ቆጥቧል ይላል። ጮኾ የሚሰብክ ሁሉ ውሸታም ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይያዝልኝ፤ በሹክሹክታ የሚዋሽም አይጠፋም።

ልጁ አልተዋጠለትም። «አንተ ቲያትረኛ ስለሆንክ ነው። እኔ ብሆን ኮቱን ሲያወልቅ ነው የምነቃበት።»

ከጎን ክፍል ድምፅ መጣ። እየተጎተተ፣ ቃል በቃል።

«እሱም… እኮ… ወርውሯል። እማዬን… ፊቷን… መትቷት።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ማን? ጋሼ?»

እህቴ በግማሽ አፏ ሳቀች። ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፤ እናቴ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ያንተ… ይብስ ነበር» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ኪኒኔን አምጡልኝ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

ልጁ ላፕቶፑን ከድኖ ውሃ ሊቀዳ ተነሳ።