ጓንት ያጠለቀ ያውቀዋል



ሜዳ ላይ ካሉት ሃያ ሁለት ተጫዋቾች መካከል ስሕተታቸው ወዲያው ሰሌዳ ላይ የሚጻፍባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በረኞቹ። አጥቂ አምስት ኳስ ስቶ ስድስተኛዋን ቢያገባ በትከሻ ተሸክመውት ይዞራሉ። በረኛ ስምንት አድኖ አንዷ ብታመልጠው ማታ የሚወራው ስለዚያች ስለ አንዷ ነው። ኳስ የማትወዱ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደርሳለን።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.ን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ ነበር። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከተማ ዛምቢያን ገጠሙ፤ የዋንጫው ባለቤት የነበረችውን ዛምቢያን። ቡራዩ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ሞልቶ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን፤ ሳላዲን ሰኢድ መታ፣ የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነ። ጥቂት ቆይቶ የእኛው ጀማል ጣሰው ኳስ ሊያቋርጥ ከግቡ ወጥቶ ሲሮጥ ከዛምቢያ ተጫዋች ጋር ተጋጨ፤ ዳኛው ቀይ ካርድ አወጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠበቀ ጨዋታ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው በረኛችን አንገቱን ደፍቶ ወደ መልበሻ ክፍል ሄደ።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ተጠባባቂው በረኛ ዘሪሁን ታደለ እንዲገባ ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱ መውጣት ነበረበት። ሕጉ እንዲህ ነው፤ በረኛ በቀይ ካርድ ሲወጣ ሌላ በረኛ ለማስገባት ምንም ያላጠፋ ሰው ቦታውን ይለቃል። ያ ተጫዋች ምንም አላደረገም። ግን ወጣ። የቀሩት ዐሥሩ፣ ከእረፍት በፊት ጎል ተቆጥሮባቸው እንኳ፣ ሮጡ። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፤ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ያን ምሽት ጀማል ብቻውን የተሸነፈ ሰው ሆኖ ያላደረው እነዚያ ዐሥሩ ስለ ሮጡለት ነው ብዬ አምናለሁ።

በስምንተኛው ቀን፣ ጥር 21፣ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት ደግሞ ሌላው በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፍጹም ቅጣት ምት አሰጥቶ በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለ ነበር ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱ ጓንት አጥልቆ ግቡ ላይ ቆመ። ቪክተር ሞሰስ መታና አገባ። ያ በረኛ ያልነበረ ወንድማችን በዚያች ግማሽ ደቂቃ ስለ በረኞች ያወቀውን እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን በሃያ ዓመት አናውቀውም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ልጄ በረኛ ስለ ሆነ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ቡራዩ በሰፈር ቡድን ይጫወታል። ቡድናቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰበታና ከሱሉልታ ልጆች ጋር ይገጥማል። ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ኳስ ላይ ግን ልጆቹ ማንም አልጠቀለላቸውም፤ ሰበታ ሰበታ ነው፣ ሱሉልታም ሱሉልታ። የሰበታ ልጆች ትልቁ ቡድናቸው ሰበታ ከተማ በ2014 ከፕሪሚየር ሊግ ከወረደ ወዲህ ቁጭታቸውን የሚወጡት በእኛ ላይ ይመስለኛል።

አሠልጣኛቸው በወጣትነቱ ሰበታ ላይ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን በረኛ የነበረ ሰው ነው። አሁን ስድሳን ተሻግሯል። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ተሰብራ ጠማማ ሆና ነው የዳነችው። ልጆቹ “ኮች” ይሉታል፤ እኛ ወላጆች “ጋሼ” እንለዋለን።

አንድ ቀን “ጋሼ፣ በረኛ ጥሩ አሠልጣኝ አይወጣውም ይባላል፤ እውነት ነው?” አልኩት።

ሳቀ። “ለብቻው ስለሚለማመድ ነው እንዲህ የሚሉት። በረኛ ግን ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሚያየው የጓደኞቹን ጀርባ ነው። ማን እንደ ደከመ፣ ማን እንደ ፈራ፣ ከጀርባው ታውቃለህ። ፊቱን እኮ ሰው ያስተካክላል፤ ጀርባውን ማስተካከል አይችልም።”

የእንግሊዝን ሊግ የምትከታተሉ ወጣቶች ኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶን ታውቁታላችሁ፤ ዎልቭስንና ኖቲንግሃም ፎረስትን ያሠለጠነው ያ ጢማም ሰውዬ በረኛ ነበር። ፖርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን እርሱ ተጠባባቂ ነበር። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የምመሰጠው በአንድ ሩማኒያዊ ነው፤ ቦግዳን ስቴሊያ ይባላል። የእኔ ዕድሜ ያላቸው የሃጂን ሩማኒያ አይረሱም። በ1986 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ በአሜሪካው የዓለም ዋንጫ፣ ሩማኒያ መጀመሪያ ኮሎምቢያን 3 ለ 1 አሸነፈች፤ ግቡ ላይ የነበረው ስቴሊያ ነው። ቀጥሎ በስዊዘርላንድ 4 ለ 1 ተሸነፈች። አራት ጎል ከተቆጠረበት ከዚያ ጨዋታ በኋላ አሠልጣኙ ስቴሊያን አስቀምጠው ፍሎሪን ፕሩኒያን አስገቡ። ቡድኑ አሜሪካን አሸነፈ፣ አርጀንቲናን 3 ለ 2 አሸነፈ፣ አገሩ ሁሉ ደስ አለው፤ ስቴሊያ ከወንበር ላይ ሆኖ አየ።

እስቲ አስቡት። ያለ አንተ ሁሉም ነገር ሲያምር ቁጭ ብሎ ማየት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአገልግሎት ወርደው የተቀመጡ ወገኖች ይህ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። መዝሙሩ ይቀጥላል፣ ጸሎቱ ይቀጥላል፣ ቦታህ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል፣ ደግሞም ጥሩ ይሠራል።

ሩብ ፍጻሜ ላይ ደግሞ ተራው የፕሩኒያ ሆነ። ሩማኒያ በተጨማሪው ሰዓት ስዊድንን 2 ለ 1 እየመራች፣ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀር፣ ከፍ ብላ የመጣች ኳስ ለመያዝ ከግቡ ወጣ። ረጅሙ ኬኔት አንደርሰን ቀደመውና በግንባሩ አስቆጠረ። ስዊድን በመለያ ምት አለፈች። በአንድ ውድድር ሁለት በረኛ፣ ሁለቱም ቆሰሉ።

ስቴሊያ ግን በዚያ አላበቃም። ከአራት ዓመት በኋላ በፈረንሳዩ የዓለም ዋንጫ ሩማኒያ እንግሊዝን 2 ለ 1 ስትረታ ግቡ ላይ የቆመው እርሱ ነው። ለአገሩ 91 ጊዜ ተሰልፎ፣ ዕድሜው አርባን ተሻግሮ እስኪያቆም ድረስ ተጫወተ፤ ከዚያ ወደ አሠልጣኝነት ገባ። አራት ጎል የገባበትና ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አሠልጣኝ ሲሆን፣ በረኛው ሲሳሳትበት ምን ይለዋል? እርሱ ምን እንዳለ አልሰማሁም። የእኛው ጋሼ ምን እንደሚያደርግ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለፈው የካቲት ሱሉልታ ሄድን። ሱሉልታን የምታውቁ ነፋሱን ታውቁታላችሁ። ከፍታው ሯጮቻችንን ከየቦታው ይሰበስባል፤ ጠዋት ጠዋት በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ሲሮጡ ታያላችሁ። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ኳስም እዚያ ይፈጥናል። ጨዋታው 1 ለ 1 ነበር፤ ሊያልቅ ሲል ከሩቅ የተመታች፣ ማንም ሊይዛት የሚችላት ኳስ በልጄ እጆች መካከል ሾልካ ገባች። የገዛ ቡድኑ ልጆች የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ከዳር ሆኖ “ወንፊት!” ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ሳቀ።

ስንመለስ በሚኒባሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። አዲሱ ገበያ ወርደን የአስኮን ታክሲ ያዝን፤ ከአስኮ ቡራዩ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ቤት ስንደርስ ጓንቱን አውጥቶ ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው። “አባዬ፣ ከእንግዲህ አልሄድም” አለኝ። በነጋታው እሑድም ሆዴን ብሎ ከቤት ቀረ፤ ከቡድኑ ልጆች አራቱ እኛው አጥቢያ ናቸውና ምክንያቱ ገብቶኛል።

ማክሰኞ ጋሼ ራሱ ቤት መጣ። ሻይ አቀረብንለት። ስለ ሱሉልታ አንድም ነገር አላነሣም። ያቺን ጠማማ ጣቱን አሳየውና የተሰበረችበትን ቀን አጫወተው፤ በዚያ ቀን አምስት ጎል ገብቶበታል። “አምስቱንም እስከ ዛሬ አስታውሳቸዋለሁ፤ የትኛዋ በየት በኩል እንደ ገባች ልሣልልህ እችላለሁ” አለው። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ሐሙስ ልምምድ ላይ ጋሼ ሌሎቹን እንዲሮጡ ልኮ ከልጁ ጋር ለብቻው ቀረ። ከሦስት ሜትር ርቀት ኳስ በእጁ እያንከባለለ ይሰጠዋል፤ ልጁ ይይዛል፣ ይመልስለታል። ሕፃን የሚያጫውት ነበር የሚመስለው። ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ። “እጁ መያዝ እንደሚችል ይረሳል፤ መጀመሪያ ማስታወስ አለበት” አለኝ በኋላ። ቅዳሜ ከሰበታ ጋር ማን ግቡ ላይ እንደሚቆም አንድም ልጅ አልጠየቀውም፤ እርሱ ግን አሰላለፉን ሲያነብ ከልጄ ስም ጀመረ።

ያን ሳይ ወዲያው የታወሰኝ ጴጥሮስ ነው። ጴጥሮስም የወደቀው በሰው ፊት ነው፤ በከሰል እሳት ዙሪያ፣ አንዲት ገረድ እየሰማችው፣ አንዴም አይደለም ሦስት ጊዜ። ጌታ ግን ይህ ሳይሆን በፊት አስቀድሞ ነግሮት ነበር፤ ሲመለስ ወንድሞቹን እንዲያጸና (ሉቃስ 22፡32)። ልብ በሉ፤ ሥራው የተሰጠው ከመውደቁ በፊት ነው፤ ስንፍናው ታውቆ፣ ተቆጥሮ ነው። ከትንሣኤ በኋላም በባሕሩ ዳር ጌታ የጠበቀው በሌላ የከሰል እሳት አጠገብ ነበር፤ ዓሣ ጠብሶ፣ እንጀራ አቅርቦ (ዮሐንስ 21)። መጀመሪያ አበላው። ጥያቄው ከቁርስ በኋላ ነው የመጣው። ከዚያም በጎቹን አደራ አለው።

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም ሊቀ ካህናችን በድካማችን የሚራራልን በሁሉ ስለ ተፈተነ መሆኑን ይነግረናል፤ እርሱ ግን ያለ ኃጢአት ነው (4፡15)። ጋሼ አምስት ጎል ገብቶበት ነው የራራው። ጌታችን አንድም ሳይገባበት ራራልን፤ ስለ እኛ ደግሞ እርሱ ከሜዳ ወጣ። ኔልስፕሩት ላይ ምንም ሳያጠፋ ቦታውን የለቀቀውን ያንን ተጫዋች ሳስብ ምሳሌው ሙሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ምሳሌ መቼም ሙሉ አይሆንም፤ ግን ሆዴ ይላወሳል።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ደርሰናል። በአጥቢያችን አንድ ወንድም አለ፤ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። የመዘምራን መሪ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ወደቀ፤ ራሱ መጥቶ ተናዘዘ፤ ከአገልግሎት እንዲያርፍ ተደረገ፤ ይህ ትክክል ነበር፣ እርሱም ትክክል ነው ይላል። ለአንድ ዓመት የተባለው ግን እነሆ ሦስት ሆነ። ማንም ይቀጥል ብሎ አልወሰነም፤ ማንም ይበቃል ብሎም አልተናገረም። በጓዳ ያለ ኃጢአት፣ ሐሜታችን፣ ገንዘብ መውደዳችን፣ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። የእርሱ ተጽፏል። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች መንፈሳውያን የሆኑት እንዲህ ያለውን ሰው በየዋህነት እንዲያቀኑት ሲጽፍ (6፡1) እያንዳንዱ ራሱን እንዲጠብቅም ጨምሮ ነው፤ አቅኚው ራሱ ግቡ ላይ እንደሚቆም ስላወቀ ይመስለኛል።

እኔ ከአጥቢያው ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ። ጉዳዩ በመጪው ሐሙስ ማታ ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንዲገባ ጠይቄ ተይዟል። መሪነቱን ወዲያው መልሱለት አልልም። ልጄም ከሰበታ ጨዋታ በፊት ሠላሳ ጊዜ በእጅ የተንከባለለች ኳስ ነው የያዘው። ሐሳቤ ረቡዕ ረቡዕ የሕፃናት መዝሙር ልምምድ ላይ ከአስተማሪዋ እኅት ጎን እንዲቆም ነው፤ ሃያ የማይሞሉ ልጆች ናቸው፣ ከበሮ የሚመታላቸው ሰው የላቸውም። አንዳንድ ሽማግሌዎች እንደማይስማሙ ነግረውኛል፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም፤ የሕዝቡን ልብ መጠበቅ ግዴታቸው ነው። ከስብሰባው በፊት ረቡዕ ማታ ሦስታችን እኔ ቤት ተገናኝተን አብረን እንድንጸልይ ተነጋግረናል።

ወንድማችን ስለ አጀንዳው አያውቅም። እሑድ እሑድ በኋለኛው በር አጠገብ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ይቀመጣል፤ መዝሙሩ ሲጀመር ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ምት ይቆጥራል።