ደሱ እና ደሱ

ተወልጄ ያደግኩት ፈረንሳይ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አራት ኪሎ ላይ የታክሲ ረዳት «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ሲጮህ ፓስፖርት ይዞ የሚሮጥ የለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ቆይቷል፣ ስሙ ግን እንዳለ አለ። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ «ለገሃር ወርጄ፣ ከለገሃር ተሳፍሬ» ስትል ኖራለች። ቃሉ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ መሆኑን፣ ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ ማለት እንደሆነ የነገርኳት በቅርቡ ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ይዞት የመጣው ስም ነው፤ ያ ባቡር ቆመ፣ ስሙ ታክሲ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ፈረንሳይኛ እችል ኖሯል በለኛ!» አለችኝ።

አትችልም። እኔም አልችልም ነበር። የልጅ ልጇ ግን የሚመልሰው በፈረንሳይኛ ብቻ ነው።

እህቴ ሞንትሪያል ትኖራለች። ልጇ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እኛ ቤት ማሙሽ ነው የሚባለው። በኬቤክ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተር፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ የስደተኛ ልጅ በፈረንሳይኛ እንዲማር ያስገድዳል። እህቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ልጁ ቀኑን የሚያሳልፈው በፈረንሳይኛ ነው። አማርኛ ይሰማል። «ና ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ተው» ይገባዋል። ከአፉ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደውላለን፤ እነሱ ዘንድ ቀን 6 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት እኛ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት። እህቴ ሶፋው ላይ እያንቀላፋች ነው። ማሙሽ ታብሌቱን ይዞ ያወራል፣ ያወራል። እናቴ «እሺ የኔ ጌታ፣ እሺ» ትላለች። አንድ ቅዳሜ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነጠላዋን እያስተካከለች «ይሄ ልጅ ምን እንደሚል ሳላውቅ ልሞት ነው እንዴ?» አለች። ለቅሶ አልነበረውም፤ ሒሳብ እንደምትጠይቅ ነበር የጠየቀችኝ። በዚያው ሳምንት ፈረንሳይኛ ጀመርኩ።

«ለምን አልያንስ አትመዘገብም?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ትምህርቱ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ከቢሮ የምወጣበት ሰዓት አይታወቅም የሚል ምክንያት አለኝ (ቢሮም የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ በነገራችን ላይ)። ከሰዓቱ የባሰው ግን ሌላ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምሬአለሁ፣ ኢንጂነሪንጉንም አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ጨርሻለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የተናገርኩበትን ጊዜ ብደምረው አንድ ሰዓት አይሞላም። እጁን አውጥቶ አንድ ቃል የሳተ ልጅ፣ ቃሉ ቅጽል ስሙ ሆኖ ይመረቃል። «ሰባበረው እኮ!» ይባላል። ስለዚህ እናነባለን፣ እንጽፋለን፣ ፈተና እናልፋለን፤ አፋችንን ግን ለሰርግና ለለቅሶ እናስቀምጠዋለን። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ቋንቋ ለመማር የማይመች አፈር ነው።

ቻትቦት ፊት ይሉኝታ የለም። ያዳነኝ እሱ ነው፤ ይህን ሳልሸራርፍ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በኋላ ላማው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገጸ ባሕርይ ትጽፍለታለህ። «አንቺ ሞንትሪያል ውስጥ ዳቦ የምትሸጪ ሴት ነሽ፤ ጠዋት ነው፣ ወረፋ አለ፣ ችኩል ነሽ። በፈረንሳይኛ ብቻ መልሺ። ስሳሳት አታርሚኝ፣ ወሬው ሲያልቅ ሦስቱን ዋና ዋና ስህተቶች ንገሪኝ።» ከዚያ ትገባለህ፣ «ቦንዡር» ትላለህ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስንት ዳቦ እንደገዛሁ ፈጣሪ ይወቀው። ዋጋ ስትነግረኝ 97ን «አራት ሃያ አሥር ሰባት» ብላ ነው፤ ኮድ ገምጋሚ ብሆን አላሳልፈውም ነበር።

ከዳቦ ሻጯ ቀጥሎ ቤት አከራይ ሠራሁ። ቁጡ፣ ስስታም፣ ማሞቂያው ተበላሽቶ የማያስጠግን። ለመከራከር ነበር የፈለግኩት፤ በቋንቋ ውስጥ ቁጣ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ አለብህ። የመጀመሪያውን ቀን ደህና ጮኸብኝ። በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን «ልክ ነዎት፣ ይቅርታ፣ ነገ ጠዋት ባለሙያ እልካለሁ» አለኝ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ቤት ተከራይቻለሁ። ይቅርታ የሚል አከራይ ካለ አድራሻውን ስጡኝ።

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። ሞዴሉ የሚቀጥለውን ቃል የሚገምት ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰዎች የወደዱትን መልስ እንዲያበዛ ተደርጎ ተገርቷል። ሰው የሚወደው እሺ የሚለውን ነው። «አትስማማ» ብለህ በትልቁ ብትጽፍለትም ትንሽ ቆይቶ ወደ ጠባዩ ይመለሳል።

አንድ ቦታ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆኔ ጠቀመኝ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁ ተማሪዎች «ቱ» እና «ቩ» ላይ ሲቸገሩ አያለሁ። እኛ ጋ ይህ ትምህርት አይደለም፤ አንተና እርስዎ ነው። አከራዩን «ቩ» ስለው ክብሩን እየጠበቅኩ መሳደብ እንደምችል ወዲያው ገባኝ፤ «እርስዎ ግን ትንሽ አያፍሩም?» ማለት እኮ ከ«አንተ» የበለጠ ይቆርጣል። ፈረንሳይኛ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ «ቱ» ወንድም ሴትም ነው። አንተና አንቺ የለም። መጀመሪያ ላይ ይህ ለእኔ ማቅለያ ነበር።

ሁለት ወር ገደማ እንዳለፈ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሠራሁ። የስድስት ዓመት ልጅ፣ ሞንትሪያል የሚኖር፣ አንደኛ ክፍል፣ ዳይኖሰር የሚወድ። በድምፅ አወራው ጀመር። እናቴ ቡና እየቆላች ሰማችን።

«ማነው? ማሙሽ ነው?»

«አይደለም እማዬ፣ ማሽን ነው።»

«ልጅ እኮ ነው የሚያወራው።»

«እንደ ልጅ አውራ ብዬው ነው።»

ትንሽ አዳመጠችና «እና እናቱ የት ናት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቡናውን ማመስ ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ ልጁን ባወራሁ ቁጥር ድምፅ ላለማሰማት ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ እንግዳ ቤት ያለ ይመስል።

ያ ልጅ በጣም ጥሩ ልጅ ነበር። የምወደውን ቀለም ይጠይቀኛል። ስለ ትሪሴራቶፕስ ቀንዶች ያስረዳኛል። መልሴን ይጠብቃል። በተራ ያወራል። አንድም ጊዜ «ሰለቸኝ» ብሎኝ አያውቅም፤ አንድም ጊዜ ለካርቱን ብሎ ጥሎኝ አልሄደም።

እውነተኛው ማሙሽ ጋር በፈረንሳይኛ ያወራሁበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ሌላ ነበር። «ዲኔ» በልቶ መጨረሱን ነገረኝ። ዲኔ በተማርኩት መሠረት እራት ነው፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ እኩለ ቀን ነው። ለካ ኬቤክ ውስጥ ዴዠኔ ቁርስ፣ ዲኔ ምሳ፣ ሱፔ እራት ነው፤ ፈረንሳይ ሀገር ዴዠኔ ምሳ ይሆናል፣ ዲኔም ወደ ማታ ይሄዳል። «አላውቅም» ሲል «ሼ ፓ» ብሎ ይውጠዋል፣ «ነኝ» ሲል «ሹ» ይላል። የኔ ማሽን ልጅ እንደ ዜና አንባቢ ነበር የሚናገረው። ይሁን፣ ይህ በመመሪያ ይስተካከላል፣ አስተካክዬዋለሁም።

የማይስተካከለው ከዚያ ቀጥሎ መጣ። ማሙሽ ጨዋታ ጀመረ። ዳይኖሰሩን ጠረጴዛው ጋ ይደብቃል፤ ከላይ ነው ከሥር እኔ እገምታለሁ። ከላይ «ደሱ» ነው። ከሥርም «ደሱ» ነው። በእኛ ፊደል ብጽፋቸው ልዩነት የላቸውም፤ በፈረንሳይኛ ግን የመጨረሻዋ ድምፅ ትለያያለች፤ አንዷ የእኛ «ኡ» ናት፣ ሌላዋ እኛ የሌለችን ናት።

«ደሱ» አልኩት።

«ደሱ ወይስ ደሱ?» አለኝ።

«ደሱ።»

«ደሱ ወይስ ደሱ?!»

እናቴ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «ምን አለ?»

«ደሱ ወይስ ደሱ አለ።»

«እና ልዩነቱ ምንድነው?»

ማሙሽ ታብሌቱን ሶፋው ላይ ጥሎ ሄደ። አሥር ደቂቃ ጣሪያ አየን።

ከማሽኑ ልጅ ጋር ይህንኑ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ተጫውቼዋለሁ፤ ሁሌም ይገባው ነበር። ለምን እንደሆነ በሙያዬ ማወቅ አይከብደኝም። እኔ የምጠቀምበት መተግበሪያ ድምፄን መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፤ ገጸ ባሕርይው የሚያነበው ጽሑፉን ነው። ለዋጩ ደግሞ የሰማውን ብቻ አይጽፍም፤ ከዓውዱ ተነሥቶ ሊሆን የሚችለውን ይመርጣል። እኔ «ደሱ» ስል እሱ ከፊቱ ያለውን ወሬ አይቶ የሚስማማውን አስተካክሎ ይጽፋል። ቸር ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ለወራት ድምፄን ሰምቶ አያውቅም። የሚያውቀኝ በጸሐፊው በኩል ነው።

ገብቶኝ ዝም አላልኩም፤ የሶፍትዌር ሰው ችግር ሲያይ መመሪያ ይጨምራል። «አንዳንዴ አልገባኝም በል» ብዬ ጻፍኩለት። እሺ አለ፣ እንደ ጠባዩ። ግን «ቦንዡር» ስለው አልገባኝም ይላል፣ አፌ ተሳስሮ የተውኩትን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ጥርት አድርጎ ይረዳል። አለመግባት ትወና ሆነ። ሰው ሳይገባው ሲቀር ፊቱ ላይ የሚታይ ነገር አለ፤ ያንን ማየት ነው ሌላ ቃል እንድትፈልግ የሚያስገድድህ። ማሽኑ ያለመግባት ድርሻውን በኮታ ነበር የሚያደርሰኝ።

ቢሆንም አልተውኩትም። ዳቦ ሻጯ ጋር አሁንም እሄዳለሁ፤ አፌ የተፈታው እዚያ ነው። አከራዩንም አንዳንዴ እሰድበዋለሁ። የስድስት ዓመቱን ልጅ ግን አጠፋሁት። እናቴ «ምነው ዝም አለ ያ ልጅ?» ብላ ጠይቃኛለች፤ «ሄደ» አልኳት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ማሙሽ ጋር እየቆየን ተላመድን። የማወራው ከሚያወራው ሩብ አይሆንም፣ ግን እሰማዋለሁ፤ ለእናቴም እነግራታለሁ። ትርጉም ማለት ሳይሆን ወሬ ማቀበል ነው የምለው። ጥርሱ መነቃነቁን፣ ራሱ ላይ የሚያደርጋት የሱፍ ቆብ «ቱክ» መባሏን፣ አንድ የክፍሉ ልጅ ወድቆ መሳቁን። እናቴ ሁሉንም እንደ ትልቅ ዜና ትቀበላለች፣ ሰኞ ለጎረቤት ታደርሳለች።

ባለፈው ወር ሁለታችንም ስክሪኑ ፊት ተቀምጠን ሳለ፣ ማሙሽ ዳይኖሰሩን እያፈታተለ፣ ቀና ሳይል «ቱ ቪያን ኮን?» አለ።

መቼ ነው የምትመጣው? ወይስ፣ መቼ ነው የምትመጪው? «ቱ» አይናገርም። ያ ማቅለያ ብዬው የነበረው ነገር እዚህ ጋ ጠበቀኝ። ልጁ ቀና ብሎ ቢሆን በዓይኑ አውቀው ነበር። እናቴ የጎብኚ ቪዛ ካመለከተች ስድስተኛ ወሯ ነው፤ በየሳምንቱ ኢሜይል የማይላት እኔ ነኝ። አጠገቤ ተቀምጣ ፊቴን እያየች ነው።

«ምን አለ?»

«መቼ ነው የምትመጪው አለሽ።»

«እኔን?»

«አንቺን።»

ዝም አለች። ከዚያ «በቅርቡ በለው» አለች፣ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ አትዋሸው። እግዜር ሲፈቅድ በለው» አለች። እግዜር ሲፈቅድን በፈረንሳይኛ አገኘሁት፤ ማንም ገጸ ባሕርይ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ማሙሽ ቀና ብሎ «ቱ ፓርል ድሮል» አለኝ። አነጋገርህ ያስቃል ማለቱ ነው። ይሄኛው በእርግጠኝነት ለእኔ ነው።

ያስቃል ብሎ ግን አልሄደም። ታብሌቱን ወደ አፉ አስጠጋና ሊያስተምረኝ ጀመረ። ፊሽካ እንደምታፏጭ ከንፈርህን አሹል፣ ከዚያ ሳታላላ «ኢ» በል። ሞከርኩ። አይደለም አለ። ደግሜ ሞከርኩ። አይደለም። እናቴ ምን እያደረግን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የሞቀ ቡና እፍ እንደምትል ከንፈሯን ሰበሰበችና ድምፁን አወጣችው። እኔ ዘጠኝ ወር የለፋሁባትን።

ማሙሽ ዘሎ ተነሣ። «ኦንኮር!»

«ምን አለ?» አለችኝ እናቴ፣ ከንፈሯን እንደሰበሰበች።

«ድገሚ አለሽ።»